የመነጽር ቅጠል

ስምንት የባሕር ሴቶች ወረድን ወደ ጥቁሩ ዐለት፣
ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ውሃው ሳይነጋለት።
ጄጁ ላይ መጋቢት ነው፤ ነፋሱ ይላጫል፣
በድንጋይ አጥሩ መሐል ጭራሮው ይንጫጫል።

እኔ አሥራ ስድስቴ፣ ለመጥለቅ ጀማሪ ነኝ፤
ከወገቤ በታች የማላውቀው እጅ ጨምቆ ያዘኝ።
እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልዬ ቀረሁ፣
«ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «ብርድ ነው» እላለሁ።

እናቴ ያስተማረችኝ አንድ ቃል ነበረ፦
«ሆድ ይፍጀው።»
ይኸውና ሆዴን ፈጀው፤
ምስጢሩ ግን አደረ።

ማልሱን ምንም አልጠየቀች።
(ስሟ «ማብቂያ» ማለት ነው፤ አባቷ ወንድ ሲጠብቅ
አምስተኛ ሴት ብትመጣ «ይብቃን» ብሎ የሰየማት።
ሰባ ዓመት ሆናት፤ ምንም አላበቃት።)
ከመነጽሯ ማሰሪያ ሥር አንድ እፍኝ ቅጠል አወጣች፣
ሱክ ነው፤ ጀርባው ነጣ ያለ፣ ጭቁኝ ጭቁኝ የሚሸት፣
መስታወት የምንወለውልበት፣
ባሕር ውስጥ ዓይናችን ጉም እንዳይለብስበት።

በጎደጎደች ብረት ድስት፣ ከዝንጅብል ጋራ
ጣደችው፤ ፈላ፤ ጠቆረ፤ እሬት ሆነ፣ መራራ።
ከእሳቱ ዳር ደግሞ አንድ ድንጋይ አነሣች፣
በፎጣ ጠቅልላ እምብርቴ ሥር ወሸቀች።

ይኼኔ ታወቀ። ጉባኤው ተጀመረ፣
ሰባት ሴት ሰባት መድኃኒት ቀመረ።
«ቀረፋ ነው እንጂ!» አለች ቡ ሶንሺም፣
«ያለ ቀረፋ እኔ አንድም ወር አላለፍኩም።»
«የቁርቁራ ፍሬ ተቀቅሎ፣ በጨው!» ሌላዋ መለሰች።
«በጨው?»
«በጨው!»
«አንቺ ሴት፣ ባሕር ጠጥተሽ አልጠገብሽም!» ተባለች።
«ስትወልጂ ይተውሻል» አለች ያንግ ጁንግሱን።
«እኔን ስድስት ወልጄ መቼ ተወኝ?» አለች ማልሱን።
ሳቁ ከአጥሩ አልፎ ወደ ውሃው ነጎደ፣
እኔም ሳቅሁ፤ መሳቁ ግን ሆዴን አረደ።

ጠጣሁት። ምላሴ ተኮማትሮ ታሰረ።
ሕመሙ ሄደ? አልሄደም። እንደ ውሻ ዞሮ ዞሮ
እግሬ ሥር ተኛ እንጂ፣ አንድ ጆሮውን እየቀሰረ።

«ቅጠሉ ባሕሩን አያደርቀውም» አለች ማልሱን፣ መነጽሯን እየወለወለች፣
«ጉሙን ነው የሚጠርገው።»
እንትፍ አለችበት፤ ገባች።

እኔ እሳት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ።
ከውሃው ብቅ ባሉ ቁጥር የሚያፏጩትን ትንፋሽ እቆጥራለሁ፤
አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣
ሰባተኛው ሲዘገይ ድንጋዩን አጥብቄ አቅፋለሁ።
ሁልጊዜ የሚዘገየው የማልሱን ነው።

ቀትር ላይ መረባቸውን ዘረገፉ፣
ያገኙትን ስምንት ቦታ ከፈሉ።
«እኔኮ አልጠለቅሁም» አልኩ።
«ድስቱን ማን አጠበ ታዲያ?» አለችኝ ማልሱን።

ድስቱን ማንም አላጠበውም ነበር።
ተነሥቼ አጠብሁት።
ከሥሩ የቀረውን ቅጠል ግን አልደፋሁም፤
ጨምቄ በመነጽሬ ማሰሪያ ሥር ሸጎጥሁት።
ቤት ታናሼ ኦክጁ አለች፤
አሥራ ሁለት ሞልቷታል።