ገና አትጠበው

ፖስተኛ ነኝ እኔ፣ የሃል ከተማ ሰው፣
ካፊያ የለመደ፣ ነፋስ የማይመልሰው።
ከሃምበር ዳር ጭጋግ ጎህ ሳይቀድ ጀምሬ
የሰው ቃል አድላለሁ በር ለበር ዞሬ።
የዕዳ ማስታወሻ፣ የልደት ካርድ፣ ክስ፣
አንዱ ሳይጠፋብኝ ከባለቤቱ ሲደርስ፣
የኔው ቃል ብቻ ነው ለሰባት ወር ያህል
ከቦርሳዬ ግርጌ ተጣጥፎ የሚውል።

ቁጥር አርባ ሦስት፣ የልብስ ሰፊው ደጅ፤
በሩ አረንጓዴ ነው፣ ነበረ ነው እንጅ።
ሐሙስ ሌሊት መጥተው ይጽፉበታል ስድብ፤
ዓርብ ንጋት ኢምቲያዝ ተንበርክኮ ሲያጥብ
አየዋለሁ፤ ባልዲው፣ ብሩሹ፣ አረፋው፣
ልጁ ሳትነቃ ጥድፊያው እስኪያጠፋው።
ሰባት ወር ሲፈገፍግ ቀለሙ ተልጦ
እንጨቱ ወጣበት፣ እንደ አጥንት ገጥጦ።

«ደህና ነህ?» እላለሁ። «ቀለም ነው» ይለኛል፤
«የልጆች ጨዋታ፤ ግድ የለም፣ ያልፋል።»
እንደማያልፍ ሳውቅ እኔ ግን አልፋለሁ፤
ደብዳቤውን ጥዬ አርባ አምስት እደርሳለሁ።
ዝም ባለ አፍ ውስጥ ዝንብ አይገባም ይባላል፤
አፌን ብዘጋውም ዝንቡ ከውስጥ ጥዝ ይላል።

ከማዶ፣ ከአርባ አራት፣ ዊኒፍሬድ ጠራችኝ፤
የሚያማትን ጉልበት እየጎተተች ወደ ጓዳ መራችኝ።
የቀን መቁጠሪያ አለ፣ ማቀዝቀዣው ላይ የተሰቀለ፣
ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን በቀይ የተከለለ፤
በየሐሙሱ ጎን፣ በሚንቀጠቀጥ እርሳስ፦

«ከሌሊቱ ስምንት ተኩል። ሁለት ናቸው። አንዱ ብስክሌት ይዟል።»
«ዝናብ። ሦስት። ሳቁ። ጠርሙስ ሰበሩ።»
«አንዱን ልጅ አውቀዋለሁ። እናቱ ደግ ናት።»

«ለማን ልስጠው?» አለች፤ «የአሮጊት ወሬ ማን ይሻል?»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃል ያደረሰ ሰው ምን ይላል?

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ቦርሳዬን አሳርፌ
ብሩሹን ወሰድኩት፣ ከእጁ ላይ ዘርፌ።
«ገና አትጠበው» አልኩት። «በዚህ ሁሉ ሳሙና
የታጠበው እጅ እኮ የነሱ ሆነና።»
«ልጄ ታየዋለች» አለ፤ ዓይኑ ደረጃው ላይ ቀረ።
ሩባብ እዚያው ቆማለች፣ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ።
«አባ፣ ከኅዳር ጀምሮ አውቃለሁ» አለች።
እሱም አቀረቀረ።

ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ አንዲት ጠረጴዛ አለች።
ከኋላዋ ያለችው ወጣት ቀኑን ጠየቀች፣ ሰዓቱን ጠየቀች፤
ዊኒፍሬድ መቁጠሪያዋን እንደ ካርታ ዘረጋች።
ኢምቲያዝ የልኬት ሜትሩን ከአንገቱ እንዳንጠለጠለ
መጀመሪያ «ምንም አይደለም» አለ።
ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ።

አንተስ፣ በርህ ላይ ገና ያልተጻፈበት?
አንቺስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ስድቡን ሰምተሽ
መስኮት መስኮቱን ያየሽበት?
ቀኑን ጻፉ። ቦታውን። የተባለውን እንዳለ።
ስማችሁ ካስፈራችሁ ስማችሁ ይቅር፤ ቃሉ ግን ይሂድ።
መንገዱ ከጠፋችሁ ፖስተኛችሁን ጠይቁ፤
ይፈር እንደኔ፣ ግን ይውሰድ።

ሁሉም ተያዙ ብዬ አልዋሽም። አንዱ ተጠራ።
እናቱ አርባ ሦስት ደጅ ቆማ አለቀሰች፤
ኢምቲያዝ ወንበር አወጣላት፣ ሌላ የሚለው ጠፍቶት።
በሩ ዛሬም አልተቀባም። ሩባብ ቢጫ ትላለች፤ አባቷ ገና ያስባል።

ትናንት የዊኒፍሬድን ፖስታ ሳስገባ
ማቀዝቀዣው ላይ አዲስ መስመር አየሁ፦
«ሐሙስ። ማንም አልመጣም። ተኛሁ።»