ችኮላ

በፖዝናን ከተማ ትራም ነጂ ነኝ፤
ሰዓት ነው አለቃዬ፣ ሰዓት ነው የሚዳኘኝ።
ሁለት ደቂቃ ባረፍድ ስሜ ይጻፋል፤
ደጋግሜ ባረፍድ ደሞዜ ይነካል።

ማታ ቤት ስገባ
ልጄ ቼስያ በር ላይ ትጠብቀኛለች፤
የዋለችበትን ልትነግረኝ አፏን ትከፍታለች።
ቃሉ ግን ከጥርሷ ጀርባ ይያዛል፣
አገጯ ይርበተበታል፣ ዓይኗ ይጨፈናል፤
የእኔም እጅ ገና ከመዘውሩ ሳይወርድ
«ተንፍሺ» እላታለሁ፣ «ረጋ በይ» እላታለሁ፤
እኔው ሳልረጋ እሷን አዛታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ወይዘሮ ግራዢና ዳቦ ቤት፣
ከመስታወቱ ፊት፣ ሰልፉ መሀል ቆመን፣
«ች... ች... ች...» ስትል፣
ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣
አንዲት ሴት ቦርሳዋን ስትከፍት፣ ስትዘጋ፣
ፊቴ ጋለ።
በችኮላዬ «ቸኮሌት!» አልኩላት።
ራሷን ነቀነቀች። ከፍዬ ወጣን።

ሁለት ዓመት እንዲህ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ፣
ቸኮሌት በሆዱ የያዘ ዳቦ ገዛሁላት፤
ሆዷን የማውቅ መስሎኝ፣ እየኮራሁ፣ አጎረስኳት።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ብነሳ
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ድምፅ ሰማሁ።
ለድመቷ ታወራለች፤
አንድም ፊደል ሳይዛት፣ እንደ አሸንዳ ውሃ፦
«ቸኮሌት እኮ አልወድም፤ ያቅለሸልሸኛል።
ቼሪ ልል ነበር።
ግን እማዬ ስትገዛልኝ ደስ ይላታል።»

ጨለማው ኮሪደር ላይ ብርጭቆዬን ይዤ ቀረሁ።
ቸኩዬ ያፈሰስኩት ስንት ቃል ይሆን?
ከየትኛው ቅዳሜ ልጀምር ለቀማውን?

ትናንት ቅዳሜ ነበር።
ሰዓቴን ከእጄ ፈትቼ ቤት ትቼው ወጣሁ።

«ች... ች...»
ምላሴን ነከስኩ።
«ች...»
ሽማግሌው አፉን ሊከፍት ሲል ዞሬ አየሁት፤ ተወው።
ወይዘሮ ግራዢና መቆንጠጫዋን አስቀምጣ
ዓይን ዓይኗን አየቻት፣ እንደማንም ደንበኛ።
ዝምታው አንድ ፌርማታ ያህል ሄደ፤
ከዚያም ሌላ ፌርማታ፤
«...ቼሪ።»
ጠርዙ ተሸራርፎ ወጣ።
ወጣ።

«ውይ የኔ ልጅ፣ ቼሪው አለቀ» አለች ሴትዮዋ።

እኔ ልንገበገብ ነበር። ቼስያ ግን ሳቀች፤
አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ
ትሪዎቹን አንድ በአንድ አየች፣
ከዚያም ሌላ ቃል ጀመረች።

ምን እንደሆነ አላውቅም።
እጄን ኪሴ ከትቼ
እጠብቃለሁ።