ገጽ አንድ

ሕርማታ ገበያ፣ ከጨው ተራ ማዶ፣
ተማም አባ ዲኮ ጆንያውን አንጥፎ ማልዶ
ልብ ወለድ ያከራያል። ቀኑ ሃምሳ ሳንቲም፤
መያዣው ደብተርህ ነው፣
ደብተር ከሌለህ ስምህ፤ የአባትህን አይጠይቅም።

የጅማ ዝናብ ግን ሳይከፍል አንባቢ ነው፤
በሸራው ሽንቁር ገብቶ አስቀድሞ የሚገልጠው
ያንኑ ገጽ አንድን ነው።
ዝናብ የተወውን ቆሞ አንባቢ ይጨርሰዋል፣
ጣቱን ምራቅ አስነክቶ
አንዲት መስመር አይቶ
«ይሄ አይሆነኝም» ይላል።
እንዲህ እንዲህ እያለ
የስንቱ መጽሐፍ ራስ ተገነጠለ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ሸሚዙ የወንድሜ።
ቁጢጥ ብዬ ስገልጥ፣
በሲጋራ ካርቶን ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
በጆንያ ክር ተሰፍቶ፦

«ዝናቡ ሲያባራ ወንበሩ ነበረ፤ ሰውየው አልነበረም።»

ከፈልኩ።
የአዌቱን ድልድይ እያነበብኩ ስሻገር ጋሪ ለጥቂት ሳተኝ፤
ባለጋሪው ወርዶ፣ አባቴንም ጨምሮ፣ እስኪደክመው ሰደበኝ፤
እኔን ግን ያ ወንበር ነው እስከ ቤት የሸኘኝ።

የቀረው ጠፍቶኛል። ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣
ማን ቤቱን ተነጠቀ፣ ማን ከማን ተሟገተ፣
አንዱም የለኝ ዛሬ። ያቺ መስመር ግን አለች፤
በአባቴ ለቅሶ፣ ድንኳን ውስጥ ወንበር ሲደረደር
ሳልጠራት መጥታለች።

ከስንት ዘመን በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣
ያንኑ መጽሐፍ አገኘሁ፤ ሽፋኑ ያልተላጠ፣ ገጽ አንድ በቦታው።
ፀሐይ ትወጣለች። ወፎች ይንጫጫሉ። ተራራው ግርማ አለው።
አንድ ገጽ ሙሉ ተራራ!
ሰውየውስ? ወንበሩስ?
እስከ ማውጫው አገላበጥኩ።
የሉም።

ጅማ ስመለስ ተማም አርጅቷል።
ጆንያው ላይ የልጁ ልጅ የስልክ ሽፋን ትሸጣለች።
«ያቺን መስመር ማን ጻፋት?» አልኩት።
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ መልሶ ወለወለ።
«ገጹን ዝናብ በላው፤
አናት የሌለው ጎጆ ማን ይከራየኛል?» አለ።
«ውስጡንስ አንብበኸው ነበር?»
«የትኛውን?»

ከጅሬን በኩል ሰማዩ ጠቆረ።
የአስር አዛን ሲሰማ፣ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤
«መጣሁ፣ ተቀመጥ» ብሎኝ ወደ መስጊዱ ታጠፈ።
ጠብታው ቆርቆሮውን ይመታ ጀመር።
ወንበሩ ፊቴ ነው፣
መሐሉ ጎድጉዷል፣ አንድ እግሩ በሽቦ ታስሯል።

እስኪያባራ አልቆየሁም።