የፈጣሪው ስም

ቤርሳቤህ፤ አሳንሰሩ ቆሟል እንደ ልማዱ፣
በከዘራቸው ብቻ ቄስ እምሐራን ሦስት ፎቅ ሄዱ።
ከዚያ ዘንበል ሲሉበት ኖፋር ቆማ አየች፣
የወንድማቸው ልጅ፤ ወንበር የሚሆን ከዘራ ሠራች።

ቅጹን በአማርኛ «የፈጣሪው ስም» ስል፣
«ፈጣሪማ አንድ ነው!» ቄስ እምሐራን ቱግ ሲሉ፣ እሷም ቱግ ስትል፣
«ከራሴ ነው፣ ከማንም አልሰማሁም» አለች፣
ሰንበትን ባሕር ወርዳ ስትዋኝ የዋለች።

«ጸሎትዎስ፣ አጎቴ? የእርስዎ ነው ወይ ቃሉ?»
«ያባቴ!»
«የሳቸውስ?»
ሳል ያዛቸው በመሃሉ።

እሷም ብትሆን ወገባቸውን ነው የቀዳችው፣
ድካማቸውን ስላ ለብረት የሰጠችው።

«ሐዳሽ» የሚል ቃል አለ ከቅጹ ግርጌ፣
በቄሱ ግዕዝ ሐዲስ ነው፤ «አዲስ» ራሱ አሮጌ።

መስመሩ አንድ ጣት ነው፤ ስሙ ግን ተሰልፏል።
እስክሪብቶ ስነክስ፣ ባዶ አሳንሰር አልፏል።