የወፍጮ ቤት አርምሞ

ወገልጤና ገበያ፣ ከወፍጮ ቤቱ በር፣
ናፍጣው ሲንተከተክ፣ ቀበቶው ሲበር፣
ሰው በሰው ላይ ይጮኻል።
«የኔን መጀመሪያ!» «የጤፍ ነው የገብስ?»
ድምፅም ከእህሉ ጋር ድንጋይ ሥር ሲፈርስ፣
ዱቄት ሆኖ ይወጣል።

እኔ ግን ጆሮዬን በጨርቅ ጠቅጥቄ፣
ቁና እየሰፈርኩኝ፣ ጆንያ አስጠብቄ፣
አያለሁ በበሩ እንድሪስ ሲመጣ፣
በቅሎውን አስሮ፣ በትሩን ተደግፎ ዳገቱን ሲወጣ።
ጺሙ እንደ አሞሌ ነጭ።
ሁለት ጣት ካገጩ ያሳርፋል። «ደህና ነህ?» ማለት ነው፣
በገደሉ ቋንቋ፣ እኔና እሱ ብቻ በቀረነው።

ከበሽሎ በላይ ነው፣ ከጭልፊቶች ሰፈር፤
አሥራ ዘጠኝ መነኩሴ፣ አንድ ምንጭ፣ ትንሽ አፈር።
መሥራቹ አባ ዘሚካኤል ነገረ ፈጅ ነበሩ አሉ፣
በልሃ ልበልሃ ሲባል ባላንጣ የሚጥሉ።
ምላሳቸው አንድ ቀን የንጹሕ ሰው ርስት ነጥቆ ላልሆነው ሰው ሰጠ፤
ያ ሰው ቆላ ወርዶ፣ ንዳድ ያዘውና፣ በሰው አገር አፈር ሰመጠ።
«ከእንግዲህ ለእግዜር ብቻ» ብለው፣ አፋቸውን ዘግተው፣
ገደሉን ወጡ ይባላል፣ ካባቸውን ለበቅሎ ነጂው ትተው።
እውነት ይሁን ተረት አላውቅም፤ ገድላቸውን ምስጥ በልቶታል።
ሥርዓቱ ግን ቀርቷል።

ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የድንጋዩ ደወል ይመታል፤
ሰዓታት፣ ኪዳን፤ እዚያ ብቻ አንደበት ይፈታል።
ከዚያ ወዲያ ከቀፎው፣ ከእርሻው፣ ከብራና መፋቂያው፣
እጅ ነው የሚያወራው።
ጣት ከጣት ሲታሽ፣ ጨው።
መዳፍ በጆሮ ግንድ ሲርገበገብ፣ ንቧ ወጣች፣ ሂድ ያዛት።
ትንሿ ጣት ብቻ ስትቆም፣ ብዕሯ ዶለዶመች፣ ቅረጻት።
ግንባር ሲነካ ሁለቴ፣ ተሳስቻለሁ፣ ማረኝ።
(ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ተማርኩኝ።)
ለሣቅ ምልክት የለም።
አባ ጽጌ ድንግል ማዕድ ላይ፣ ዳቤ አፋቸው ውስጥ ሳለ፣
ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ አበ ምኔቱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣
ቤቱ ሙሉ ያለ ድምፅ ይናወጥ ነበር።

እንድሪስ ሙሄ በየወሩ ጨው ጭኖ ሲመጣ፣
መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ኋላ ጣቱ ተፍታታ።
ከመጋቢው ጋራ በእጁ ተከራክሮ፣
ዋጋ ያስጨምራል፣ በእጁ ተማርሮ።
ሰላት ሲደርስበት ውኃ በቅል ቀድቼ እሰጠዋለሁ።
ይታጠባል። ዞር እላለሁ።

ሰባ ሰባት መጣ።
ለጾም ምልክት ነበረን፣ ለሞት፣ ለመቃብር፤
«አለቀ» የሚል ግን በዚያ ሁሉ ዘመን አልነበር።
አንድ ጠዋት አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከበሩ ስትደርስ፣
አበ ምኔቱ ወደኔ ዞሩ። የጎተራው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። አንጀቴ ሲላወስ፣
መዳፌን ዘረጋሁ፣ ባዶውን፤
እፍ አልኩበት፣ የኩራዝ መብራት እንደሚያጠፋ ሰው።
ማንም አላስተማረኝ።
ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አበ ምኔቱ አዩኝ፣ አዩኝ።
ከዚያ ወዲህ በየጎጆው፣ በየደጁ፣
እፍ ይል ጀመር ሁሉም በእጁ።

አሥራ አንዱን ቀበርን።
እንድሪስ በዚያ ክረምት ጨው አልያዘም፣ ሁለት ቁና ገብስ ይዞ ወጣ፤
የቤቱን እንደሆነ ከጉንጩ ያስታውቃል። ከመጋቢው ፊት አወረደና፣
ግንባሩን ነካ፣ ሁለቴ።

እኔ ከዚያ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ ይቅር።
አሁን አራት ሽማግሎች ናቸው፣ አንዱም ዓይነ ሥውር፤
ለእሱ ምልክቱን መዳፉ ላይ ይጽፉለታል።
ገብሳቸውን እንድሪስ ያስፈጫል።

ይኸው ዛሬም ቆመናል፣ ገበያው ሲጯጯህ በመሐላ፣ በሒሳብ፣
እኛ ስለ ንቡ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ልጁ ሠርግ ስንወያይ በሰላም፣ በቀስታ፣
ሞተሩ ድንገት አንቆት ቆመ።
ጩኸቱም አብሮት ተቆረጠ።
ሁሉም ወደኛ ዞረ፤ እጃችን አየር ላይ እንዳለ።
እንድሪስ በቅንድቡ ጠየቀኝ።
መዳፌን ዘረጋሁ፤ ዱቄት ሞልቶታል።
እፍ አልኩበት።
ነጩ ብናኝ በፀሐዩ ጨረር ሲነሣ፣
የእንድሪስ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤
የእኔም።
«ምን ሆናችሁ?» አለች አንዲት ኮረዳ።
«ናፍጣው አለቀ» አልኳት፣ ጮክ ብዬ።