ሰባት ሰከንድ

የስቱዲዮው ግድግዳ ብርድ ልብስ ለብሷል፣
የፋብሪካ ትራፊ፤ ጠርዙ ተተልትሏል።
እንግዳ ሲገባ «ለብርዱ ነው?» ይላል፤
«ለድምፅ ነው» እላለሁ።
ለብርዱም ነው እንጂ! ደብረ ብርሃን ጠዋት
ማይክሮፎኑ ራሱ ጋቢ ያሰኘዋል።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣
ትርሲት ከመስታወቱ ማዶ፣ እኔ ከዕቃው ኋላ፣
«እንደምን አደራችሁ፣ በደጋ በቆላ» ስትል
ይበራሉ መብራቶች፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
አራት ናቸው መስመሮች።

ከመሐል ሜዳ አንዱ ማዳበሪያው ዘገየ ብሎ ይቆጣል፣
ከሰላ ድንጋይ መምህሩ የአገሩን ስም ይፈታል፣
«ውሸቱን ነው!» ይላል ሌላው፣ ተራው ሳይደርስ ይገባል።
አንድ የጭነት ሾፌር ጣርማበር ላይ ሆኖ
ስለ ምርጫ ያወራል፣
ዋሻው ሆድ ሲገባ ድምፁ ድርግም ይላል፤
ከወዲያ ሲወጣ
ካቆመበት ሳይሆን ከደረሰበት ይቀጥላል፤
መሐሉን ዋሻው ወስዶታል።

የኔ ሥራ ጣት ነው።
የሰው ቃል ወደ አየር ከመውጣቱ በፊት
ሰባት ሰከንድ እኔ ቤት ያድራል፤
ደህና ከሆነ ያልፋል፣
ደህና ካልሆነ
ቀይዋን ቁልፍ መንካት ነው።
(ሹም እንግዳ ሲሆን ጣቴ ዕረፍት ትወጣለች፤
እሱ ራሱን በራሱ ይቆርጣል።)
ትርሲት «ይቅርታ አድማጮቻችን፣ ኔትወርኩ ነው» ትላለች።
ኔትወርኩ እኔ ነኝ።

ሦስተኛው መስመር የጋሽ ውብእሸት ነበር።
የሞላሌ ሰው፣ ዝተት ሠሪ፤ ከድምፁ አስቀድሞ
የሸማ ዕቃው ኳኳታ ይገባ ነበር።
«ልጆቼ፣ የትናንቱ ታሪካችሁ ሰንካላ ነው» ብሎ ይጀምር ነበር።
«ላሎና ጌራ የተካፈሉት
በዚያኛው ወንዝ አይደለም፣ በዚህኛው ነው፤
አባቴ በሬ ያጠጣበትን ወንዝ
ወረቀት ነው የሚነግረኝ?»
ትርሲት ትስቃለች፣ ሰዓቷን ታያለች፤
እሱ ግን ገና አያቱ ዘንድ ነው።

በዚያ ማክሰኞ ኳኳታው አልቀደመውም።
«ዛሬ ታሪክ አይደለም» አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።
«ጌታሰው ልጄ በደብረ ሲና መንገድ ቁልቁል እንደወረደ፣
ሁለት ዝተት ተሸክሞ፣
ይኸው ሃያ ሦስት ቀኑ...
ቀበሌም ሄድኩ፣ ወረዳም፣ ፖሊስም፤ አንዱ ወዳንዱ ሰደደኝ፤
እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ማንን ልጠይቅ? ማን ነው—»

ጣቴ ወረደች።
ማንም አላዘዘኝም። ትርሲት ቀና አላለችም።
ጣት እንደ ለመደች በቅሎ ናት፤
ጌታዋ ቢያንቀላፋም ቤቷን አትስትም።

«ኔትወርኩ ነው፣ ጋሽ ውብእሸት፣ መልሰው ይደውሉ» አለች፤
ሙዚቃ ለቀቅሁ።
አልደወለም።

ያቺን ሰባት ሰከንድ አልጣልኳትም።
በፍላሽ አለች፣ መሳቢያው ውስጥ፣
ከሞተ ባትሪና ከዛገ ሚስማር ጋር፤
ጫፏ ላይ «ማን ነው» ተሰቅሎባት።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ጎልማሳ፣ ከሦስተኛው መስመር፣
ላሎና ጌራን በዚያኛው ወንዝ ከፈለ።
ጠበቅሁ።
አንድም የሚያርመው አልመጣም፤
ወንዙ እዚያው ቀረ።

ማታ በራሴ ስልክ ደወልኩ፣ ደጃፌ ላይ ቆሜ፣
ውርጩ ጆሮዬን እየነከሰኝ።
አነሳው።
«ማነው?» አለ።
ከኋላው ጭር ብሏል፤ ኳኳታ የለም፤
አንድ፣ ሁለት... ልናገር አፌን ከፈትኩ፣
ሦስት፣ አራት...
«ማነው? ጌታሰው?»
አምስት፣ ስድስት።
ቆየና፣ አጠገቡ ላለ ሰው መሰለኝ፣
«ኔትወርኩ ነው» አለና ዘጋው።