ያልመረጠ ሰው

ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱ ገፍቷል፤
የመስኮቴ መስታወት በውርጭ ተሸፍኗል።
ጣቶቼን በትንፋሼ እያሞቅሁ
ለሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ገጽ እሠራለሁ፤
ካርድ የሚያወጣ፣ ቀጠሮ የሚይዝ፣
እናት የክትባቱን ቀን እንዳትረሳ የሚያግዝ።

ሁሉም አለቀ። አንዲት መስመር ቀረችኝ፤
እሷም ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሳችኝ፦
ገብቶ ቋንቋ ያልመረጠ ሰው ቢኖር
ገጹ በምን አፍ ይናገር?

ወንድይፍራው፣ አለቃዬ፣ በስልክ፦ «ይሄ ምን ያስጨንቃል?
አማርኛ በይና ዝጊው፤ ሁሉም ያውቃል።»

ስልካቸው ይንገረኝ አልሁ፣ ሰዎቹን ከማስቸገር፤
የተከፈተበትን ቋንቋ ይልካል፣ ገና ገጹን ሲጀምር።
አየሁት። የሽንኩርት ጫኙም፣ የማሽላ ጠባቂውም ስልክ
«እንግሊዝኛ ነኝ» እያለ ምልክት ሲልክ!
ሻጩ ከካርቶን ሲያወጣው እንደነበረ ነው፤
ማንም አልመረጠው፣ ማንም አልነካው።

እሺ፣ ልጠይቃቸው። ገጹን ባዶ ተውሁ፤
መሐሉ ላይ «ቋንቋ ይምረጡ» ብዬ ጻፍሁ።
ጻፍሁና ሳየው፣ ጥያቄው ራሱ
አማርኛ ነው፤ ቀደመ ከመልሱ።

አጠፋሁት። ስሞቹን ብቻ ደረደርሁ፣ እያንዳንዱን በባለቤቱ አፍ፦
አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ አርጎብኛ፣ ቀፋር አፍ።
በፊደል ተራ ይሁን አልሁ፣ ማንም እንዳይበደል፤
ተራውስ በማን ፊደል?

እናቴ የአልዩ አምባ ሸማኔ ልጅ ነች፤
«ትምህርት እንዳይከብዳችሁ» ብላ አማርኛ ብቻ አወረሰች።
አንድ ጥቅምት ወባ ይዟት እዚያው ጤና ጣቢያ ተኛች፤
ትኩሳቱ አርባ ሲገባ በሌላ አፍ ማውራት ጀመረች፣
ቤታችን ውስጥ አንድ ቀን ሰምቼው በማላውቀው።
ሳቀች። ደግሞ ተቆጣች፤ ማንን እንደሆነ ማን ይወቀው።
ነርሷ ካርዱን ይዛ፣ «ምን እያለች ነው?» አለችኝ።
ልጇ ነኝ። የማውቀው አማርኛ እንኳ ጠፋብኝ።
«ውኃ እያለች ነው» ብዬ ዋሸሁ፤ አመጡላት።
ጨርሳ ጠጣችው። ያለችው ውኃ ይሁን አይሁን ዛሬም አልጠየቅኋት።

ሊነጋ ነው። በጠባሴ በኩል ካሚዮን ያጓራል፤
ወንድይፍራው ሁለት ሰዓት ሲሆን ይደውላል።
መስመሯን ሞላሁ፦ ያልመረጠ ሰው፣ አማርኛ።
ከጎኗም፣ ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣ የሚያነበው ቀጣዩ ሠራተኛ፣
«ይህ ለጊዜው ነው» የሚል ማስታወሻ አኖርሁ፣
ለጊዜው ተብሎ የታጠረ አጥር ስንት ዘመን እንደሚቆም እያወቅሁ።

ከዚያ ለእናቴ ደወልሁ።
ሱብሒ ሰግዳ ጨርሳ ነው መሰለኝ፣ ፈጥና አነሳች፤
ማን እንደደወለ ሳታይ፣
አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብላ፣
«አቤት» አለች።